ከግራ እግር ደሴት የተላከች መያዣ

ከደሴቱ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1983

ውድ አጎቴ አውከ፣

የላይደን ብርድ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ ተሻለው? ሳልጽፍልዎ ብዙ በመቆየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የምጽፈው አጥቼ አይደለም፤ የምጀምርበት ጠፍቶኝ ነው። እንዲህ ስል ደግሞ ጀመርኩት።

በጋዜጣ ያነበቡት እውነት እንደሆነ ጠይቀውኛል። አዎ፣ እውነት ነው። በማዕበሉ ጊዜ ከአንድ ትልቅ መርከብ ላይ ሣጥኖች ወድቀው ተሰበሩ፤ ውስጣቸው የስፖርት ጫማ ነበር። ባለቤቶቹ ባሕር የነካው ጫማ አንፈልግም ብለው እንደተዉት የሚገልጽ ማስታወቂያ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተለጠፈ። ማስታወቂያውን አንብቦ የጨረሰው ቄሱ ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው ግማሹ ላይ ሮጠ።

ልማዱን መቼም አይረሱትም። ያገኘውን ዕቃ ባሕሩ ከሚተወው የአረም መስመር በላይ ጎትቶ፣ ሁለት እንጨት አቆላልፎ የተከለበት ሰው ባለቤት ነው። ጋሪ ይዞ እስኪመለስ ማንም አይነካበትም። የአያቴ እንጨቶች ከሁሉም ሰው ይበዙ ነበር። ጫማው ግን በጋራ ተሸጦ የነፍስ አድን ጀልባው ቤት ጣሪያ እንዲሠራበት ተወስኗል።

ችግሩ የታወቀው ጥንድ ጥንዱን መፈለግ ስንጀምር ነው። አያቴ በርሜል ላይ ተቀምጣ "ቀኙን አቀብዪኝ" ትላለች፤ እኔ ግራ አቀብላታለሁ።

"ቀኝ ነው ያልኩሽ! ቀኝና ግራሽን ሳታውቂ ነው ትምህርት ቤት ያስወጡሽ?"

አውቃለሁ አጎቴ፣ ግን ቀኝ የሚባል አልነበረም። የጎረቤቱም ግራ፣ የቄሱም ግራ። በኋላ ዓሣ አጥማጁ ዊበ ከማዶ ደሴት ሲመለስ ነገሩ ተገለጠ። ማዶ ያለው ሁሉ ቀኝ ነው። የግራና የቀኝ ጫማ ጉብጠታቸው ስለሚለያይ ነፋሱ ለየብቻ ይነዳቸዋል ይላል ዊበ።

እኛ "ቀኙን አምጡና ግማሹን ጥንድ እንሰጣችኋለን" አልን። እነሱ "እናንተ ግራውን አምጡና ግማሹን እንሰጣችኋለን" አሉ። ማን ይቅደም በሚለው ላይ ነገሩ ቆመ። አያቴ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት ብላኛለች፦ "ያ ወንድሜ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አቧራ የጠጣ የሕግ መጽሐፍ ሲጠብቅ ኖሯል፤ እስቲ አንድ ቀን ይጥቀመን። የማይተማመኑ ሰዎች ድሮ እንዴት ነበር የሚዋዋሉት?"

ሰላምታም ልካለች። ማለቴ፣ አልላከችም፤ ግን ብትረጋጋ ኖሮ ትልክ ነበር።

ሲትስከ

ላይደን፣ ኖቬምበር 9

ውድ ሲትስከ፣

ጉልበቴ እንዳለ ነው፤ ደረጃ ባየ ቁጥር ይዘምራል። ያልተላከው ሰላምታ ደርሶኛል።

የእህቴ ጥያቄ እንዴት እንዳስደሰተኝ ልነግርሽ አልችልም። እነዚህን መጻሕፍት በጠበቅሁበት ዘመን ሁሉ ተማሪዎች የሚጠይቁኝ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ብቻ ነው።

ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት፣ መንግሥታት ሁሉ በሚተራረዱበት ጊዜ፣ የሕግ ሊቃውንት አንድ ጥያቄ ያዙ። ከነገሥታት በላይ ዳኛ የለም፤ ታዲያ ሁለት ንጉሦች ቢዋዋሉ ማን ያስፈጽመዋል? ከሊቃውንቱ መካከል ትልቁ፣ ከዚህ ብዙም ሳይርቅ የተወለደው፣ ዳኛ በሌለበት ቃል ራሱ ሕግ ነው አለ። ለጠላት የተሰጠ ቃል ይጠበቃል። ለባሕር ወንበዴም ቢሆን የተሰጠ ቃል ይጠበቃል። ማዶዎችን ወንበዴ አላልኩም፤ እህቴ ግን ማለቷ አይቀርም። ዛሬ ሄግ ተቀምጠው አገርና አገርን የሚዳኙት ባለ ካባዎች የሚሉትም ያንኑ ነው፤ ካባው ብቻ አዲስ ነው።

ቃል ብቻውን አላረካ ሲል ደግሞ ሰው ይሰጣጡ ነበር። ይህ ወገን አንድ የከበረ ሰው፣ ያም ወገን አንድ የከበረ ሰው መያዣ አድርጎ ይልካል። መያዣው በእንግዳ ወግ ይከበራል እንጂ አይታሰርም። ውሉ ሲፈጸም ሁሉም ወደየቤቱ ይመለሳል። (ገልብጪ።)

ይህን የነገርኩሽ ለመሳቂያ ነው። ለእናንተ የሚሻለው ጫማውን ሁሉ ሃርሊንገን ወደብ ላይ አንድ ገለልተኛ ሰው ዘንድ ማስቀመጥ ነው። ለእህቴ ይህኛውን ብቻ ንገሪያት።

አጎትሽ አውከ

ከማዶ ደሴት፣ ኖቬምበር 17

ውድ አጎቴ፣

እባክዎ አይደንግጡ። ፖስታው ላይ ያለው አድራሻ ስህተት አይደለም። ማዶ ነኝ፤ መያዣ ሆኛለሁ።

የገጹን ጀርባ እንዴት ሳናነብ ቀረን ብለው መገረምዎ አይቀርም። አያቴ ደብዳቤውን ከእጄ ነጥቃ በስብሰባው ላይ ጮክ ብላ አነበበችው። "ሁሉም ወደየቤቱ ይመለሳል" የሚለው ላይ ስትደርስ ሰው አጨበጨበ። ጭብጨባ ከተጀመረ በኋላ ገጽ የሚገለብጥ የለም። እኔ ጀርባውን ያየሁት ጀልባ ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ ለማን ልናገር?

ለምን እኔ? አያቴ ናት። "ሲትስከ ትሂድ፤ አትናገርም። የማትናገር ሰው ምስጢር አታወጣም" አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ፊቴ ቀላ። አልፈልግም ልል ነበር፤ አፌን እስክከፍት ግን ስለ በግ አጥር መከራከር ጀመሩ።

ማዶዎች በእኔ ልክ የሰጡት አባባ ኾሰን ነው። ሰባ ዓመት አልፎታል፤ አኮርዲዮን አንግቷል። ገና ከጀልባው ሳይወርድ ለአያቴ ንግግር ማድረግ ጀመረ፤ እኔ ስሄድ አልጨረሰም ነበር። ማዶዎች ሲሸኙት ለምን እንደዚያ ፊታቸው እንደበራ ያኔ አልገባኝም።

የምኖረው እትዬ ፉክየ ቤት ነው። የማዶዋ አያቴ እሷ ናት ቢሉ ያስኬዳል፤ ከንቲባቸውም እሷን ሳይጠይቅ አያስነጥስም። ወደቡ ላይ ሰው ሁሉ ቆሞ ሳለ ትከሻዬን ያዘችና፦

"እንግዲህ ልጄ፣ ውሉ እስኪፈጸም ላትኮበልዪ ቃል ትሰጫለሽ?" አለችኝ።

ያን ሁሉ ዓይን ሳይ ድምፄ ጠፋ። ራሴን ነቀነቅሁ።

"ነቀነቀች" አለ አንዱ።

"አየሁ። እሺ ማለቷ ነው ወይስ በርዷት ነው?" አለ ሌላው።

"እሺ ማለቷ ነው እንጂ! ልጅቷ ደርቃ ሳታልቅብን ሻይ አምጡ!" አለች እትዬ ፉክየ፤ ነገሩም በዚያው አለቀ።

ስለ አያያዜ ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ የምመልሰው ይህንን ነው። የአተር ሾርባው ማንኪያ ያቆማል፤ ሳህኔ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ዕቃ ላጥብ ብዬ ስነሳ እትዬ ፉክየ ትጮኽብኛለች። "ቁጭ በዪ! መያዣ ዕቃ አጠበች ተብሎ ማዶ ቢሰማ ምን ይሉናል?" እነሱ ማዶ የሚሉት እኛን ነው። መጀመሪያ ላይ ግራ ተጋብቼ ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። መነቅነቅ ቃል ነው?

ሲትስከ

ላይደን፣ ኖቬምበር 22

ውድ ሲትስከ፣

ይቅርታ አድርጊልኝ። ሠላሳ ዓመት የጠበቅሁት አንባቢ ቢገኝ ግማሹን ብቻ የሚያነብ ሆነ። እህቴ ዘንድ ስልክ ደውዬ ነበር። ጩኸቴን አስቀደምኩ፤ እሷ ግን የኔን ጩኸት አልሰማችም፤ ከኋላዋ አኮርዲዮን ነበር። አንቺ ስልክ ሲጮኽ ጓዳ እንደምትገቢ ስለማውቅ እጽፍልሻለሁ።

ጥያቄሽ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ የቤተ መጻሕፍቱን መብራት እስኪያጠፉብኝ ድረስ ስመለከተው ዋልኩ። የድሮዎቹ ሊቃውንት፣ ቃል በአፍ ብቻ አይሰጥም ይላሉ። በእጅ ምልክት፣ በራስ ንቅናቄ፣ መናገር ሲገባ ዝም በማለትም ይሰጣል። ሌላው ሰው አይቶ በቅን ልብ እንዲያምን ያደረገው ምልክት ሁሉ ያስራል። አለበለዚያ እያንዳንዱ ሰው "እኔ በልቤ ሌላ ነበር ያሰብኩት" እያለ ዓለምን ያፈርሳታል። ይሁን እንጂ የብርድ መንቀጥቀጥ ቃል አይደለም። ይህንንም የሚክድ ሊቅ አላገኘሁም።

ስለ መያዣም እንዲሁ ይለያሉ። ቃል ያልሰጠ መያዣ ቢያመልጥ አይወቀስም፤ ቃል ሰጥቶ ያመለጠ ግን ጥፋቱ የራሱ ነው፤ የላኩት ሰዎች ቢያዙትም እንኳ። አንቺ ከሁለቱ የቱ እንደሆንሽ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ደግነቱ ለመፍረድ አትገደጂም፤ ውሉ በቅርቡ ይፈጸምና ትመለሻለሽ።

ሾርባውን ብዪ። የከሳ መያዣ ለአስተናጋጁ ነውር ነው፤ ይህኛውን ግን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም።

አጎትሽ አውከ

ከማዶ ደሴት፣ ኖቬምበር 28

ውድ አጎቴ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ጀርባውንም ጭምር አየሁ። ውሉ በቅርቡ ይፈጸማል ያሉኝን ግን እንዴት እንደምመልስልዎ አላውቅም።

ዊበ ዛሬ ጠዋት የተጨሰ ዓሣ ሊሸጥ መጥቶ ነበር። እትዬ ፉክየ በጎቹን ልታይ ስትወጣ ጠጋ አለኝ።

"ነፋሱ ዞሯል" አለኝ። "ቀኝ ጫማ እኛም ዘንድ መምጣት ጀምሯል። አያትሽ ማዶ ከእንግዲህ ምን ያደርግልናል ብላለች። ዓርብ፣ የዚህ ሳምንት ሳይሆን የሚመጣው፣ ከቁርስ በኋላ ጀልባዬ እዚህ ወደብ ነው። ገመድ ስፈታ ዘለሽ ግቢ።"

"ውሉስ?"

"የቱ ውል? አንቺ ከዚህ ከወጣሽ ምን የሚይዙት አላቸው?"

"አባባ ኾሰስ?"

ዊበ ወደ ሰማይ አየ። "እሱንማ በነጻ እንመልሳለን። ሰውዬው አያትሽን ሊገድላት ነው። ሾርባዋን ቀምሶ 'ይህ ሾርባ ነው ወይስ የባሕሩ ናሙና?' አላት። ጸሎት ላይ አኮርዲዮን ይዞ ገባ። አያትሽ በሕይወቷ የመጨረሻዋን ቃል ያላገኘችው እሱ ፊት ብቻ ነው።"

አጎቴ፣ ማዶዎች ግን ምን እንዳደረጉ ልንገርዎ። ቀኝ ጫማቸውን አጥበው፣ በቁጥር ለይተው፣ በጆንያ ሞልተው ወደቡ ላይ ደርድረውታል። እትዬ ፉክየ ትናንት እራት ላይ "እኛ እንቅደም" አለች። "እንዲህ ያለች ጨዋ ልጅ የሰጡን ሰዎች አይከዱም።" ማንም አልተከራከረም። እኔ ሾርባዬን ትቼ ግድግዳውን አየሁ።

ባለፈው ክረምት የዊበ ጀልባ አሸዋው ላይ ስትያዝ ገመድ ጥለው የጎተቱት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ዊበም አልረሳውም መሰለኝ፤ ይህን ሁሉ ሲነግረኝ የሚያየው ዓሣውን ነበር።

ለእትዬ ፉክየ ብነግራት አያቴን አሳልፌ መስጠቴ ነው። ባልነግራት ደግሞ እንጀራዋን እየበላሁ አታልላታለሁ። ብሄድ የእኛ ደሴት በእነሱ ዘንድ ለዘላለም ውሸታም ነው። ብቀር አያቴ ከእንግዲህ አታየኝም። ያን ቀን በርዶኝ ነበር ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞክሬያለሁ። በእርግጥም በርዶኝ ነበር።

እባክዎ ከዓርቡ በፊት ይጻፉልኝ። ለአያቴ አይንገሩብኝ።

ሲትስከ

ላይደን፣ ዲሴምበር 3

ውድ ሲትስከ፣

ለእህቴ አልነገርኳትም። ስለ ሌላ ነገር የጻፍኩላት መስዬ "ሁኔታ ሲለወጥ ውል ይፈርሳል ወይ?" የሚል አንድ ትምህርታዊ ደብዳቤ ግን ሰደድኩላት። በፖስታ ካርድ አንዲት ቃል መለሰችልኝ፤ ለዕድሜሽ የምትሆን ቃል አይደለችም። ስለዚህ ተረድታኛለች።

ለአንቺም ልንገርሽ። ነገር ሁሉ ከሥሩ ከተለወጠ ቃል ይላላል የሚሉ ነበሩ፤ አሁንም አሉ፤ ሄግ ድረስ እየመጡ ይህን የሚሞክሩ መንግሥታትም አይጠፉም። ዳኞቹ ግን ጆሯቸውን ቶሎ አይሰጡም። ምክንያቱም ቃል የሚያስፈልገው ለሚለወጥ ነገር ነው። ምንም የማይለወጥ ቢሆን ማን ይዋዋል ነበር? ነፋስ ደግሞ ሲዞር ነው የሚኖረው፤ በዚያ ባሕር ላይ ነፋስ ይዞራል ብሎ ያልጠበቀ ሰው ደሴት ላይ መኖር የለበትም።

ምን ማድረግ እንዳለብሽ ልጽፍልሽ ግን ሞከርኩ። ብዙ ወረቀት ቀድጃለሁ። ሂጂ ብልሽ በመጻሕፍቶቼ ፊት አፍራለሁ። ቅሪ ብልሽ ደግሞ በእሳት አጠገብ ተቀምጬ በሌላ ሰው ልጅ ጀግና እሆናለሁ፤ የድሮዎቹ አንዳንዶቹም ይህን ያደርጉ ነበር፤ በዚህ በዚህ አልኮርጃቸውም። እኔ ራሴ መጥቼ ከጎንሽ ብቆም ደስ ይለኝ ነበር። ጀልባ ላይ ግን ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ፤ ባለፈው ጊዜ ተሳፋሪዎቹ ገንዘብ አዋጥተው በሌላ መርከብ ሊሰዱኝ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በርዶኝ ነበር ብለሻል፤ አምንሻለሁ። ሰው እየበረደውም እሺ ይላል።

አጎትሽ አውከ

ከቤት፣ ዲሴምበር 20

ውድ አጎቴ፣

አዎ፣ ቤቴ ነኝ። አዎ፣ ጤነኛ ነኝ። ሁለት ደብዳቤና አንድ ቴሌግራም ሰደው ሳልመልስልዎ በመቆየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቴሌግራሙን ያመጣው ፖስተኛ ሰው የሞተ መስሎት ቆቡን አውልቆ ነበር።

ዓርብ ዕለት ምን እንደተናገርኩ በትክክል እንድነግርዎ ጠይቀዋል። ብዙ አልተናገርኩም። ዊበ ገመዱን ፈታና አየኝ። ወደቡ ላይ ሰው ነበር፤ ጆንያውን ሊጭኑ የመጡ ናቸው። እግሬ ተነስቶ ነበር፤ አልዋሽዎትም። ከዚያ አፌ ተከፈተና "አልሄድም፤ ቃል ሰጥቻለሁ" አልኩ። እንደዚያ ጮክ ብዬ ልናገረው አላሰብኩም ነበር፤ ልምድ ስለሌለኝ መጠኑን አላወቅሁበትም። በጎቹ ሳይቀሩ ዞሩ።

ዊበ ገመዱ ከእጁ አመለጠው፤ ጀልባው ብቻውን ጥቂት ሄደ። አሳዘነኝ። እትዬ ፉክየ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ዊበን፣ ቀጥሎ ጀልባውን አየች፤ ሁሉም ነገር ገባት። ይጮኹብኛል፣ አያቴን ይሰድቧታል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ሰማችሁ?" አለች እትዬ ፉክየ። "ትናገራለች!"

ከዚያ በኋላ ያለውን ከአያቴ ደብዳቤ ሰምተዋል መሰለኝ፤ ስድቡን ቀንሰው ያንብቡት። ዊበ ለአያቴ እንዴት እንደነገራት አላውቅም። በማግስቱ ራሷ በጀልባው መጣች፤ ጀልባው ግራ ጫማ ሞልቶ አፍንጫው ውኃ ሊነካ ደርሶ ነበር። አባባ ኾሰ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ይጫወታል። አያቴ ከመውረዷ በፊት ጀመረች።

"አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ዝም ብለሽ፣ አፍሽን ብትከፍቺ በኔ ላይ?"

"ባውክየ፣ እንኳን ደህና መጣሽ" አለቻት እትዬ ፉክየ በስሟ ጠርታ።

"ደህና አልመጣሁም! የገዛ ልጄ ልጅ ጎትታ ነው ያመጣችኝ! ለከንቲባችሁ ንገሩት፣ ግራችሁ ይኸውና፤ አንድም አልጎደለም።"

"ከእኛም ቀኛችሁ ይኸውና። ሻይ ትጠጫለሽ?"

"አልጠጣም" አለች አያቴ። ቆይታ "ስኳር አለው?" አለች።

እኛ ዘንድ መጥቷል የተባለው ቀኝ ጫማ ምን ያህል እንደነበር ጠይቀዋል። አያቴ ይህ እንዳይነሳ ትወዳለች። ሲደርቅ አብዛኛው የሕፃን ነው፤ ያውም የዝናብ ቦት፤ ከሌላ መርከብ መሆን አለበት። ጣሪያው በፋሲካ ይጀመራል።

አባባ ኾሰ ከሄደ ወዲህ ቤቱ ጸጥ ብሏል። አያቴ ሾርባው ላይ ጨው መቀነሷን አስተውያለሁ።

እኔን ግን አላናገረችኝም ነበር። በአጠገቤ ታልፋለች፣ ለድመቷ ትነግራታለች፣ ድመቷም አትመልስም፤ እኔን ከድመቷ የሚለየኝ ዕቃ ማጠቤ ነው። ክፉ ያደረግሁባት መስሎኝ አለቀስኩ። ግን ደጋግሜ ሳስበው፣ ያ ጠዋት እንደገና ቢመጣ እንደገና ያንኑ እል ነበር፤ ምናልባት ቀስ ብዬ።

ዛሬ ምሳ ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"በጸደይ ከማዶ ጋር የግጦሽ ውል እንዋዋላለን" አለች።

"ደስ ይላል" አልኩ።

"ቃሉን አንቺ ነሽ የምትሰጪው። ወደቡ ላይ ቆመሽ፣ እንደዚያ ጮኸሽ።"

"እኔ? ለምን እኔ?"

ወደ መስኮቱ ዞረች። ባሕሩ ሸሽቶ አሸዋው እስከ ማዶ ድረስ ይታይ ነበር።

"የእኔን ማን ይቀበለኛል ታዲያ?" አለችና ሾርባዋን ቀጠለች።

ጉልበትዎን ያሙቁ። እኔም እስከ ጸደይ ድረስ በጓዳው ውስጥ ድምፄን እለማመዳለሁ።

ሲትስከ